የደጃዝማቹ ዲስኩር መጨረሻ

ልብስ ሰፊው ታምሬ ወደ በላይነሽ ሽማግሌ ላከ። መልሱ በዚያው ቀን መጣ። እሺም እምቢም አልነበረም።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። የሱዳኗ ገዳሪፍ ደርግን በሸሸ ሰው ተሞልታለች፤ ታምሬም ከጎንደር ከወጣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ገበያው መሀል፣ ከጀማሉ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናውን ተክሎ ለሱዳኖች ጀለቢያ ይሰፋል። ምሳውን የሚበላው ከገበያው ጀርባ፣ በላይነሽ ቤት ነው። በላይነሽ ባሏ የሞተባት የጎንደር ሴት ናት። እዚያ መብላት ከጀመረ ወዲህ ታምሬ ሸሚዙን መተኮስ ለምዷል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ጀማሉ፣ ቄሱና አያ ደመቀ። ደመቀ በሁመራ በኩል ደርግን ሲወጋ ቆይቶ አሁን የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆኗል። በላይነሽ ሻይ አቀረበችና የመጡበትን ጉዳይ አስጨርሳ ሰማች።

«ሲሰፋ የሚያነበንባት ነገር አለች» አለች። «‹ወንድሞቼ! ከኋላችን ወንዝ፣ ከፊታችን ጠላት ነው። ወንዙ እስኪጎድል የሚጠብቅ ይጠብቅ። እኔ ግን ዛሬ…› ይልና ያቆማል።»

«እና?» አለ ጀማሉ።

«እናማ እኔም ልጅ ሆኜ ጎንደር በትምህርት ቤት ቴአትር ላይ ሰምቻታለሁ። ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ያን የሚለው ደጃዝማች ‹ዛሬ› ምን እንደሚያደርግ ግን እስካሁን አላውቅም። መጨረሻዋን ፈልጎ ያምጣልኝ። ያን ጊዜ መልሴን እሰጣለሁ።»

«አንቺ ሴት፣ ሰው ወርቅ ነው የሚጠይቀው!» አለ ደመቀ።

«ወርቅ ተሰጥቶኝ አይቻለሁ፣ አያ ደመቀ። ይሸጣል።»

ቄሱ አንድ ነገር ብቻ አስታወሱ። እሁድ ቅበላ ነው። ጾሙ ከገባ የጋብቻ ወሬ እስከ ፋሲካ አይነሳም።

ታምሬ ነገሩ ቀላል መሰለው። በዚያ ቴአትር ውስጥ እሱም ነበረበት። ከደጃዝማቹ በስተቀኝ ጦር ይዞ የሚቆም ወታደር ነበር። የሚናገረው አልነበረውም፤ ዲስኩሩን ግን ቴአትሩ በታየ ቁጥር ከአጠገቡ ሰምቶታል። አሁን ሲያስበው የቴአትሩ ርዕስ ጠፍቶበታል፣ የደራሲው ስምም እንደዚሁ። ከ«እኔ ግን ዛሬ» በኋላ የሚመጣለት ጩኸት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ደመቀን ጠየቀ።

«የምን ቴአትር!» ደመቀ ተቆጣ። «ይኼ የአዛዣችን ንግግር ነው። ተከዜ ዳር፣ በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ‹እኔ ግን ዛሬ ጠመንጃዬን አጉርሼ እቀድማለሁ!› አሉን።»

«ቀደሙ?»

«ቀደሙ። በላንድሮቨር፣ ድንበር ተሻግረው ወደ ሐምዳይት።»

ቄሱ ብዙ አላሰቡም። «‹እኔ ግን ዛሬ ንስሐ እገባለሁ› መሆን አለበት» አሉ። «ከፊቱ ጠላት፣ ከኋላው ወንዝ ያለበት ሰው ሌላ ምን ይላል?»

ሾዋክ ከተማ በስደተኞች ቢሮ የሚያስተረጉመው ረዳ በማግስቱ ለገበያ መጣ። ረዳ በተማሪነቱ የድርጅት ሰው ነበር። ሱሪውን ሊያሳጥር በረንዳው ላይ ቁጭ እንዳለ ታምሬ ጠየቀው።

«ደመቀ የአዛዣችን ነው አለህ? ሌባ!» ረዳ ብድግ አለ። «የኛ በራሪ ወረቀት ነው። እኔ ራሴ አባዝቼዋለሁ። ‹እኔ ግን ዛሬ ከሰፊው ሕዝብ ጎን እሰለፋለሁ!› ነው የሚለው።»

«ደጃዝማች እኮ ነው የሚናገረው።»

«ተራማጅ ደጃዝማች ሊሆን ይችላል።»

ወሬው ደመቀ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ደመቀ መጋዘኑን ቆልፎ መጣ። ሁለቱ በታምሬ የስፌት መኪና ግራና ቀኝ ቆመው ተካሰሱ። አንዱ «ከሐዲ!» ሲል ሌላው «አድኃሪ!» ይላል። ጀለቢያ ሊያሰፋ የመጣ ሱዳናዊ ጥቂት አዳምጦ ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ።

«ኽላስ! በቃ!» አለ ጀማሉ ከውስጥ ወጥቶ። «አገር ቤት ያልጨረሳችሁትን ጦርነት እኔ በረንዳ ላይ ልትጨርሱ ነው? ውረዱ!» ከዚያ ወደ ታምሬ ዞረ። «አንተም ጅል ነህ። ደጃዝማች የነበረውን ልጅ ለምን አትጠይቅም? አንዳርጌ አይደል? ባሱንዳ እርሻ ላይ የማሽላ ሠራተኞች አለቃ ሆኗል። በቀደም ለሰዎቹ መጠለያ ሸራ ከኔ ሲገዛ በቴአትር ደጃዝማች ነበርኩ ብሎ አጫውቶኛል።»

ታምሬ ቅዳሜ ማለዳ ባዶ ጆንያ በጫነ ሎሪ ላይ ወጥቶ ባሱንዳ ገባ።

የቴአትሩ ደጃዝማች ጢሙ በሙጫ የተለጠፈ ቀጭን ልጅ ነበር። አሁን ጢሙ የራሱ ነው፤ ቦርጭም ጨምሮበታል። ማሽላ በሚወቁት ሠራተኞች ላይ እየጮኸ አገኘው።

«አንተ ወታደር!» አለ አንዳርጌ እንዳየው። «ጦርህን የት ጣልክ?»

«ደጃዝማች፣ ልመና ይዤ መጥቻለሁ» አለ ታምሬ። የበላይነሽን ጥያቄ፣ የቅበላውን ቀጠሮ፣ የደመቀንና የረዳን ጠብ ነገረው። አንዳርጌ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«መጨረሻዋን አላውቃትም።»

«አንተ አይደለህም እንዴ የተናገርካት?»

«ተናግሬያት አላውቅም። እስቲ አስበው፤ ‹እኔ ግን ዛሬ› ስል ምን ይሆን ነበር?»

ታምሬ አሰበ። አሁን መጣለት። በዚያን ጊዜ ጎንደር እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ ቁጭ የሚል ወንድ አልነበረም። «እኔ ግን ዛሬ» ሲባል የፊተኛው ረድፍ ጋቢውን ጥሎ ይነሳል። አንዱ ዘራፍ ይላል፣ ሌላው የአባቱን ስም ጠርቶ ይፎክራል፣ ሦስተኛው መድረኩ ላይ ይወጣል። ታምሬ ጦሩን አግድሞ ፎካሪዎቹን ከደጃዝማቹ ላይ ይገፋል። መጋረጃው በዚያ ጩኸት መካከል ይዘጋል።

«ለመጀመሪያው ቀን በደንብ አጥንቻት ነበር» አለ አንዳርጌ። «የአንድ ልጅ አባት ተሸክሞኝ አዳራሹን ዞረ። መምህራችን ‹ካሁን በኋላ የሚሰማህ ስለሌለ ተዋት› አሉኝ። ተውኳት። ሳምንት ሳይሞላ ረሳኋት።»

«መጽሐፉስ?»

«መምህሩ ጋ ነበር። መምህሩም ሞተዋል፤ መጽሐፉም የት እንደገባ እንጃ።» አንዳርጌ የታምሬን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ፈጥረህ ንገራት። ማን ሊያጋልጥህ? እኔ እንደሆንኩ ደጃዝማቹ ነኝ፤ ‹ልክ ነው› እልልሃለሁ።»

እሁድ በላይነሽ ቤት የቅበላ ሥጋ የሚበላ ሰው ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ረዳ ማንም ሳይጠራው ከሾዋክ መጥቷል፤ የድርጅቱን ክብር ሊያስጠብቅ ነው። በላይነሽ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤቱ ብቅ አለች።

ታምሬ ቆመ። «መጨረሻ የላትም» አለ። «ማለቴ፣ የሰማት ሰው የለም።» አንዳርጌ የነገረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ።

«አዛዣችንስ?» አለ ደመቀ።

«አያ ደመቀ፣ አዛዥዎ ጎንደር ተምረው ከሆነ ቴአትሩን አይተዋል» አለች በላይነሽ። «ረዳ፣ አንተም አትሳቅ። ያን ወረቀት የጻፈላችሁም አይቶታል።»

ረዳ ወደ ሥጋው ተመለሰ። በላይነሽ ግን ዓይኗን ከታምሬ ላይ አላነሳችም።

«ሃያ ዓመት ሙሉ!» አለች። «ፈጥረህ ልትዋሸኝ አላሰብክም?»

«አስቤ ነበር። ሎሪው ላይ ሞክሬያለሁ። አይረባም።»

«በላት እስቲ።»

«ተይው በላይነሽ።»

«በላት አልኩህ!»

ታምሬ ጦር እንደያዘ ሰው ክንዱን ዘረጋ። «ወንድሞቼ!» አለ። «ከኋላችን ወንዝ፣ ከፊታችን ጠላት ነው። ወንዙ እስኪጎድል የሚጠብቅ ይጠብቅ። እኔ ግን ዛሬ… ዋና ስለማልችል እዋጋለሁ።»

የፎከረ አልነበረም። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደመቀ ለደጃዝማቹ አፍሮ ወለሉን አየ።

በላይነሽ መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ አልቻለችም። የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗን በሽርጧ ጠርጋ እንደገና ሳቀች።

«ሽማግሌ ነን እኮ፣ እሺ ነው እምቢ?» አለ ጀማሉ።

«ፋሲካ ይለፍና ደግሱ» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። ከዚያ ወደ ታምሬ ዞረች። «ያችን መጨረሻ ግን ከዚህ ቤት ውጭ እንዳትናገራት። ይህን ያለው የበላይነሽ ባል ነው ሲባል መስማት አልፈልግም።»