ወንድሜ ሳይወጣ የተወው ብሮውዘር

ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ ሁለት ብሮውዘር ነበረው። አንዱን ከባዱ ይለው ነበር። ሲከፈት ማሽኑ ይጮሃል፣ ይግላል። ዌብሳይት የሚሠራው በሱ ነው፤ ስህተት የሚፈልግበት መሣሪያ ሁሉ እዚያ ነበር። ሌላውን ቀላሉ ይለው ነበር። በሱ ኢሜይሉን ያያል፣ ኳስ ያያል፣ ፎቶና ቪዲዮ ያስቀምጣል። ሁለቱን አያደባልቅም።

ሲሞት ላፕቶፑ ለእኔ ደረሰኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። "ሙያውን ይያዝ" አለ አጎቴ፣ ለቀስተኛው ገና ከድንኳን ሳይወጣ።

ስልኩን ግን ራሱ አጎቴ ነው የጨረሰው። ከቀብር በኋላም ይጠራ ነበር፤ ያልሰሙ ሰዎች ይደውላሉ። በጠራ ቁጥር እናቴ ከፍራሹ ትነሳለች። አጎቴ ሲሙን አውጥቶ በጥርሱ ሰበረው። "ለሞተ ሰው አይደወልም" አለ። በስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ለልጁ ሰጠው። ሲሙን ወንድሜ ከመንገድ ነበር የገዛው። በማን ስም እንደወጣ አናውቅም። ስለዚህ ማስመለስ የለም።

ያኔ ማንም አላሰበበትም። የኢሜይሉን ፓስወርድ አናውቅም። ብናውቀውም ለመግባት የሚጠየቀው ኮድ የሚላከው ወደዚያ ቁጥር ነው። የቀረው ቀላሉ ብሮውዘር ነበር። እዚያ ወንድሜ እንደገባ ነው፤ አልወጣም። ስትከፍተው ስሙ ከላይ አለ። በኢሜይሉ ያስቀመጣቸው ቪዲዮዎች አሉ። ድምፁ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

እናቴ አንዱን ቪዲዮ ትወዳለች። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ከጀርባዋ የቀረጻት ነው። የምትታየው እሷ ነች፤ እሱ አይታይም። "እማ፣ ዞር በይ" ይላል። "ዞር በይ እንጂ፣ ጀርባሽን ለማን ላሳየው?" ከዚያ ይስቃል። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ "ክፈትልኝ" ትለኝ ነበር። እከፍትላታለሁ፤ ወደ ላፕቶፑ ማውረድ ግን ትዝ አላለኝም። ሲያልቅ "ይበቃል" ትላለች። ከዚያ ነው ነጠላዋን የምታስቀምጠው።

ሐዘኑ ሲያልፍ የወንድሜ ጓደኛ ሊያስተምረኝ ወሰደኝ። አብነት ሰፈር፣ ከአንድ የብየዳ ቤት በላይ ክፍል ተከራይተው ሁለቱ አብረው ይሠሩ ነበር። ሥራ ይችላል። ምላሱ ግን ክፉ ነው። ወንድሜም ከሱ ጋር ሲሆን እንደሱ ነበር። ሲሰዳደቡ ይውላሉ፣ አብረው ይበላሉ።

በመጀመሪያው ቀን "የትኛውን ብሮውዘር ትጠቀማለህ?" አለኝ።

"ለሥራ ከባዱን።"

"ለራስህስ?"

"ገና አልመረጥኩም። ቀላሉ የወንድሜ ነው። አይነካም።"

ሳቀ። "ብሮውዘር ውስጥ ነው እንዴ ሐዘን የተቀመጥከው? ለቀስተኛ በየት በኩል ይግባ?"

ላፕቶፑን ከፈትኩ።

"ስማ ማሙሽ። ለሥራም ለኑሮም ከባዱን ያዝ። ሰው አንድ ይበቃዋል።"

"ማሽኑ አይችልም።"

"አንተም አትችልም። ትለምዳለህ።"

ከዚያ ሳምንት ሳያልፍ ነው። ለአንድ የልብስ ሱቅ ገጽ እንሠራ ነበር። ባለሱቁ ሰማያዊውን አረንጓዴ አድርጉልኝ ብሎ፣ ሊያይ እየመጣ ነው። የወንድሜ ጓደኛ በእኔ ላፕቶፕ ቀየረው። በከባዱ አረንጓዴ ሆነ። ባለሱቁ ግን የሚጠቀመው ቀላሉን ብሮውዘር ነው። በሁለቱም ታይቶ ነው የሚረከበው። ስለዚህ ቀላሉን ከፈተው።

"እሱን አትንካው ብዬህ ነበር" አልኩት።

"ላየው ነው እንጂ አልበላውም።"

ገጹ ሰማያዊ ሆኖ መጣ። ብሮውዘር እንደዚያ ነው፤ ቀድሞ ያየውን ገጽ ይይዝና አሮጌውን ያሳያል። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ደግሞ አሮጌ ሲያይ አያስብም፣ ያጸዳል። የቱ ይጥፋ፣ የቱ ይቅር ብሎ አይመርጥም። ሁሉንም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሲጸዳ የገባህበት ሁሉ ያስወጣሃል።

"ቆይ" አልኩት። ጣቶቹ ጨርሰው ነበር።

"ይኸው አረንጓዴ" አለ። ከዚያ ፊቴን አየ። "ምን ሆንክ?"

ማውዙን ተቀበልኩት። ኢሜይሉን ከፈትኩ። ስሙ የለም። እንኳን ደህና መጡ ይላል።

ፓስወርድ ሞከረ። የኳስ ቡድኑን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የሰፈሩን ስም። አንዱ ላይ ሠራለትና ኮድ ጠየቀው።

"ሲሙ የት አለ?"

"አጎቴ ሰብሮታል።"

እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። "ግድግዳ ላይ ትልቁ ፎቶ አላችሁ አይደል?"

"ድምፁ የለንም።"

"ድምፁ እኮ ያን ያህልም አልነበረም" አለ። እንደ ድሮው መሳደቡ ነው። የሚመልስለት ግን የለም። ባለሱቁ ገባ። አረንጓዴውን ወደደው።

ቤት ገብቼ ለእናቴ እንዳለ ነገርኳት። ሌላ መንገድ አላወቅኩም። ጫማዋን አላወለቀችም።

"ማን አጠፋው?"

ነገርኳት። አጎቴ ሲሰማ "እሰይ፣ አሁን ታርፊያለሽ" አላት። እናቴ ፊቷን ከሱ መለሰች። እኔን ብቻ "ጓደኛውን እሑድ ምሳ ጥራው" አለችኝ።

እሑድ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። ሸሚዝ ለብሷል። እናቴ አጎረሰችው፣ ደገመችው፣ "ብላ ልጄ" አለችው። የቀለለው መሰለኝ። መቀለድም ጀምሮ ነበር። ትሪው ሲነሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"አብራችሁ ነበር የምትውሉት፤ ድምፁን ታውቀዋለህ" አለችው። "እሱ ያለውን በልልኝ።"

"ምኑን፣ ማዘር?"

ወደ እኔ ጠቆመች። ቃሉን ነገርኩት።

ፈገግ ሊል ሞከረ። "እማ፣ ዞር በይ" አለ።

"አይደለም። ድገመው።"

"እማ፣ ዞር በይ።"

"እሱ አይቸኩልም። ድገመው።"

ደገመው። ግንባሩን አላበው። "ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሆን ብዬ አይደለም።"

"ይቅርታ ጠይቀኝ አልኩህ? ድገመው።"

ወደ እኔ ዞረ። እኔ ትሪው የተነሳበትን ቦታ አየሁ። እንደገና አለው፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው፣ ጀርባሽን ለማን ላሳየው እስከሚለው። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች።

"ይህቺ ቀረብ አለች" አለችው። "አሁን ሳቅ።"

ከንፈሩ ተከፈተ። ምንም አልወጣም። እናቴ ዓይኗን እንደጨፈነች ጠበቀችው።