የእንደራሴው የሣር ደቦ

ቀጄላ ከሱሉልታ ለምክር ቤት የተመረጠው በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዲለየው ለምርጫ ምልክቱ ማጭድ ወሰደ። ያምርበታልም፤ በሣር አጨዳ ደቦ ፊት ተሰልፎ ዘፈን የሚያወጣ እሱ ነበርና።

ቀጄላ በተመረጠ ዕለት ጎረቤቱ ጭሰኛው መገርሳ ያዘው።

«ስማ ቀጄላ፣ ባለመሬቱ እንዳሻው እንዳያባርረን ሕግ ታወጣልናለህ። ካላወጣህ ማጭድህን እቀማሃለሁ!»

«ስትቀማኝ እጄንም ጨምረህ ውሰድ» ብሎ ሳቀ።

ችግሩ ምክር ቤቱ የሚከፈተው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ የሱሉልታ ሜዳ ሣርም የሚታጨደው ያን ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቀጄላ በደቦው ቀን መምጣት ስላልቻለ፣ ሥራው እንዳይጎድል ብሎ ቅጥረኛ ላከ። ደግ የሠራ መስሎት ነበር። የታመመ ቢቀር፣ ሐዘን ያለበት ቢቀር፣ በደቦ ማንም አይቀየመውም። ቅጥረኛ መላክ ግን «ላባችሁ ከላቤ አይገናኝም» እንደማለት ነው። በዓመቱ ፈቃድ ጠይቆ ማጭዱን ስሎ ቢጠብቅ፣ የጠራው ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን አራት ኪሎ በተከራያት አንዲት ክፍል ብቻውን ይበላል፤ ቅዳሜ እንጦጦን ተሻግሮ አገሩ ሲገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣለታል። ጨዋታው ይቆማል። «ክቡርነትዎ» ይሉታል። መገርሳ እንኳ አንቱ አለው፤ ያችን ቀን ቀጄላ እራቱን አልበላም።

በምክር ቤት ስለ ጭሰኛው ጉዳይ ተነሥቶ ተናገረ። «ረቂቁ ለኮሚቴ ይመራ» ተባለ። በዓመቱም ተናገረ፤ ያው ኮሚቴ ሆነ። እንዲህ ሲባል ስምንት ዓመት አለፈ። በሰባተኛው ዓመት ባለመሬቱ ትራክተር አምጥቶ መገርሳን አስነሣው፤ መገርሳም ከሜዳው ረግረግ ዳር ወዳሉት የሚስቱ ዘመዶች ተጠጋ። ቀጄላን መንገድ ላይ ሲያገኘው «እንዴት ዋሉ፣ ክቡርነትዎ» ብሎ አለፈ። ቢሰድበው ይሻል ነበር።

በ፲፱፻፷፭ ምርጫ ቀጄላ ወደቀ። ጥቅምት ሲደርስ ሚስቱ ገለቴ፣ «ሣሩ እየደረቀ ነው፤ ሰው ቅጠር እንጂ» አለችው።

«አልቀጥርም። ደቦ እጠራለሁ።»

«ማን ሊመጣልህ?»

እሱን ነበር ማወቅ የፈለገው። በየደጁ ዞሮ በአፉ ለመነ። ሁሉም «ደስ ይለናል፣ ክቡርነትዎ» አሉት። ገለቴ ጠላ ጠመቀች።

በቀኑ ማለዳ አምስት ሰዎች ማጭድ ይዘው መጡ። አንዱንም አያውቀውም።

«ኦቦ ኢተፋ ቀጥረው ልከውኝ ነው» አለ የመጀመሪያው።

«እኔን አቶ ጌታቸው» አለ ሁለተኛው። የቀሩትም እንደዚያው።

ቀጄላ ማጭዱን አነሣ። ሊጀምሩ ሲሉ በረግረጉ በኩል አንድ ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ ሲመጣ አየ። መገርሳ ነው።

«አካም ቡልቴ፣ ቀጄላ!» አለው፤ እንዴት አደርክ ሲል፣ እንደ ድሮው በአንተ።

«አንተም ሰው ልከህ ነው?»

«እኔ ምን ይዤ እቀጥራለሁ? ራሴን ላክሁ» አለ መገርሳ። «ሕጉ ቀርቷል። ሣሩ ግን አይጠብቅም፤ ዕጨድ።»

ቀጄላ ፊት ተሰልፎ የጥንቱን ዘፈን አወጣ። ቅጥረኞቹ ዘፈኑን ስለማያውቁት አንገታቸውን ደፍተው ያጭዳሉ። በዚያ ሁሉ ሜዳ የሚቀበለው የመገርሳ ድምፅ ብቻ ነበር።