ፋይሌ በአብዲ ብብት ስር

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ፤ መጠጡን፣ ስድቡን፣ ጾም መሻሬን ሳይቀር። ይቺን ግን በተናዘዝኩ ቁጥር እየዘለልኳት አራት ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴም አታውቅም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ፊታችሁን ስለማላየው ነው።

እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። አብዲ ደግሞ የቧንቧ ባለሙያ ነበር። ሁለታችንም የየራሳችን ንግድ ፈቃድ ነበረን፤ አንድ ብስኩት ፋብሪካ በሰዓት እየከፈለ በኮንትራት ያሠራን ነበር። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ሐጂ ነው የሚላቸው። ጠዋት ስንገባ እንፈርማለን፣ ማታ ስንወጣ እንፈርማለን። በመሃል ምን እንደሠራን ሐጂ አይጠይቁም፤ ሰው ያምናሉ።

ድሬን የማያውቅ አንድ ነገር ይወቅልኝ። እዚህ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙቀቱ ከተማውን ይዘጋዋል። ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ስለዚህ ፈቃድ የሚያሳድስ፣ ግብር የሚያሳውቅ ኮንትራክተር የግድ በሥራ ሰዓት መሄድ አለበት፤ ያን ሰዓት ደግሞ ለሌላ ሰው ሸጦታል። ሁላችንም እናደርገዋለን። እኔማ ብሼ ነበር። ጄኔሬተር ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ለሌላ ደንበኛ ፕሮፎርማ እጽፋለሁ፤ በሐጂ ሰዓት፣ በሐጂ ቬንትሌተር ስር።

አብዲም ይሄድ ነበር። ግን ሁለት ሰዓት ቢሮ ከቆየ በዚያው ቀን ቀትር ላይ፣ እኛ ተኝተን፣ እሳት የሚተፋው ቆርቆሮ ስር ገብቶ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ማንም አላዘዘውም። አንድ ቀን፣ አቦ ና ተኛ፣ ማን ያይሃል ስለው፣ "የሰው ሰዓት ነዋ ወሪያ" ብሎኝ መፍቻውን አነሳ። ያን ቀን ጠላሁት።

ጠላሁት ማለቴ ቀናሁበት ማለቴ ነው፤ ምን አሸፋፈነኝ? ስልኩ እረፍት አያውቅም። ለአንዱ በሶማሊኛ፣ ለሌላው በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ። እኔ እዚሁ ከተማ አድጌ ከአማርኛ ውጭ ከሰላምታ አላልፍም፤ ስልኬም የሚጠራው ሚስቴ ስትደውል ነው። ሐጂ ከእሱ ጋር ሲስቁ በቅናት ድብን እል ነበር። እጁ ከእጄ ይበልጣል? አይበልጥም። ታዲያ ለምን እሱ?

ከዚያ ሐጂ አዲስ መጋዘን ሊያሠሩ ነው፣ መብራቱንም ውሃውንም ለአብዲ ጠቅልለው ሊሰጡት ነው ተባለ። አብዲ ራሱ ነው የነገረኝ። መብራቱ ያንተ ነው፣ አብረን ነን አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ እኔ በእሱ ስር ልሠራ ነው ብዬ አንጀቴ አረረ።

በማግስቱ ጠዋት ፈቃዱን ሊያሳድስ ወደ ንግድ ቢሮ ሲነሳ፣ የአንተም ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ ፋይልህን አምጣ፣ አንድ ወረፋ ለሁለታችን ይበቃል አለኝ። ሰጠሁት። በገዛ እጄ ሰጠሁት። ሁለቱንም ፋይል ብብቱ ስር ሸጉጦ ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ቀጥ ብዬ ሐጂ ዘንድ ገባሁ። "ሐጂ፣ አብዲ በእርስዎ ሰዓት የራሱን ጉዳይ ነው የሚጨርሰው። አሁንም የለም" አልኳቸው።

ውሸት ነበር? አንዲት ቃል ውሸት የለባትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቀትሩን ግን አልተናገርኩም። ጄኔሬተር ክፍሉን አልተናገርኩም። ብብቱ ስር ያለው ፋይል የማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ሙቀቱ አይደለም ያስደረገኝ፣ ሰይጣንም አይደለም። እኔ ነኝ ያደረግሁት።

አብዲ ሲመለስ ሐጂ ግቢው መሃል ቆመው ጠየቁት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አየኝ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ አብረን እንባረር ነበር። "እውነት ነው ሐጂ፣ የራሴ ጉዳይ ነበረኝ" ብቻ አለ። በዚያው አሰናበቱት። ድሬ ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሰዓት ሌባ የሚል ስም ከከዚራ ሰፈር እስከ መጋላ ሰፈር ተከተለው። ያ የቀናሁበት ስልክ ዝም አለ። በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ቢዮ አዋሌ ሄደ ሲሉ ሰማሁ።

በተሰናበተበት ዕለት ዕቃውን ሰብስቦ ከፋብሪካው ሲወጣ ፋይሌን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "ያንተ አልቋል" አለኝ። "የእኔን ሌላ ቀን አደርገዋለሁ፤ የሐጂ ሰዓት ሄደብኝ።"

ለካ ያን ቀን የጨረሰው የእኔን ብቻ ኖሯል። የራሱን ጉዳይ ያልኩት የእኔን ጉዳይ ነበር። ያቺ የተጽናናሁባት እውነትም ውሸት ሆና ቀረች።

መጋዘኑን እኔ ሠራሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን አልጠራም፣ የጠየቀኝ የለማ። ይቅርታ እንዳልለምናችሁ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ ቢዮ አዋሌ ደግሞ ሩቅ ነው እንዳልል፣ ሩቅ አይደለም። ፈቃዴን ዛሬም በየዓመቱ በሌላ ሰው ሰዓት አሳድሳለሁ። በተመለስኩ ቁጥር፣ ዛሬስ ቀትር ላይ ገብቼ ሰዓቱን እከፍላለሁ እላለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እተኛለሁ።