ስምንተኛው መብራት

አልጣሽን የሚያናድዳት በገዛ እጇ የሠራችው ነገር ነው። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቋ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ትጠግናለች። ዕቃ ሰክታ የምትሞክርበት ፓወር ሰፕላይ ባለቀስት መለኪያው ሲቃጠልባት፣ በምትኩ አሥር ትንንሽ መብራቶች በአንድ ረድፍ ደረደረች። ከኋላቸው ያለችው አይሲ የምትባል ትንሽ ቺፕ ዕቃው የሚስበውን ከረንት ትለካለች፤ ብዙ ከሳበ ብዙ መብራት ይበራል፣ ጥቂት ከሳበ ጥቂት። ድምፅ ሳያወጣ አሥሩንም ያበራ ዕቃ ውስጡ ሾርት አድርጓል ማለት ነው። ደንበኛ ግን መብራቶቹን የሚያየው እንደ ስልክ ባትሪ ነው። ሲሞሉ ደስ ይለዋል፣ ሲቀንሱ ያኮርፋል። አስረድታ አስረድታ ታክቷታል።

ጋሽ ጴጥሮስ ከኢዲዶ የጸሎት ቤታቸውን አምፕሊፋየር በሞተር ጭነው አመጡ። ድምፁ ጠፍቶ የመኪና ባትሪ ብቻ ይጨርስ ነበር። ስትሰካው አሥሩም በሩ። የተቃጠለውን ትራንዚስተር ቀየረች። ሊወስዱት ሲመለሱ ፊታቸው ሰካችው፤ አንድ መብራት ብቻ በራ።

«ምነው? አሥር ነበር እኮ» አሉ።

«ያኔ ታሞ ነው ጋሼ። አሁን ድኗል።»

«ድኖ ነው አንድ የቀረው? ዘጠኙን የት አደረግሽው?»

በር ላይ የቆመው ባጃጅ ነጂ ሙሌ ሳቀ። «ሸጣዋለቻ» አለ።

አልጣሽ የሱቋን ድምፅ ማጉያ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘች። ማይኩን ሰክታ ለሽማግሌው አቀበለቻቸው። «ይናገሩበት።»

እሳቸውም ተናደው ነበር። ማይኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው «ሌባ ነሽ» አሉ። ድምፁ መናኸሪያውን ሞላው። መብራቶቹ ሽቅብ ሮጠው ስምንት ደረሱ፤ ዝም ሲሉ ወደ አንድ ወረዱ።

ጋሽ ጴጥሮስ አዩ። «አሎ» አሉ፤ አራት። ፊታቸው ፈታ አለ። «ለካስ ከድምፅ ጋር ነው የሚወጣው። በይ ክዳኑን ግጠሚልኝ፣ ልሂድ።»

ንዴቱ የባሰባት ይሄኔ ነው። ውጭ ሰው ተሰብስቧል። ከገደብ ከተማ የመጣው አውቶቡስ ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያዩዋታል። ሌባ የተባለች ጠጋኝ ዘንድ ነገ ሬዲዮውን ትቶ የሚሄድ ማነው?

«አይሄዱም» አለች። «አልሰረቀችም ይበሉ። በዚሁ ማይክ።»

«ተይ እንጂ ልጄ። ይቅርታ።»

«ለእኔ አይደለም። ለሰሙት ነው።»

አጎንብሰው አጉተመተሙ። ሁለት መብራት።

«የሁለት መብራት ድምፅ መንገዱን አይሻገርም። ሲሰድቡኝ ስምንት ነበር።»

ሙሌ አሁን አይስቅም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አልሰረቀችም።» አምስት።

ስምንተኛው መብራት ላይ ጣቷን አድርጋ ጠበቀች።

«አልጣሽ አልሰረቀችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ፣ በሚሰብኩበት ድምፅ። ጣቷ ሥር ቀይ ብርሃን በራ።

አምፕሊፋየሩን ነቀለችው። ክዳኑን ልትገጥም ስትል ንዴቱ ገና ከእጇ አልወጣም ነበርና ብሎኑ ወደቀባት። ጋሽ ጴጥሮስ ጎንበስ ብለው አነሱላት። ተቀበለቻቸው፤ አመሰግናለሁ ግን አላለችም።