ለፎቶ የተሰጠው ፓምፕ

ቆቦ ላይ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ጀማሪ ባለሙያነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የመጀመሪያው ፎቶ አመለጠኝ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌታቸው ለአንድ ገበሬ ምርጥ ዘር ሲያስረክቡ እኔ ስልኬን ከቦርሳ አወጣሁ፣ የይለፍ ቃል አስገባሁ፣ ካሜራውን ከመተግበሪያዎቹ መሐል ፈለግሁ። ሳገኘው እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል።

"ድገሙት" አሉ።

ገበሬው ከረጢቱን መልሶ እንደገና ተቀበለ። በሦስተኛው ፀሐይ ከኋላቸው ስለሆነች ቦታ ቀየርን። ሰውየው በመጨረሻ "እና አሁን ተሰጠኝ ልበል?" ብሎ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ስልኩን አስተካከልኩ። የማብሪያ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስጫን ካሜራው እንዲከፈት፣ የድምፅ ቁልፉን ስጫን እንዲያነሳ አደረግሁ። ስልኩ ተቆልፎም ይሠራል። የፊት ማሳመሪያውንም አጠፋሁ። አቶ ጌታቸው ግን ወር ሙሉ "ካሜራሽን ምን ነካው?" ሲሉኝ ከረሙ።

ከዚያ ወዲህ የሚያመልጠኝ ርክክብ አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ አንድ አዲስ የውሃ ፓምፕ ነበረው። ጎብዬ ላይ ለአንዱ ገበሬ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ "ወረቀቱ እስኪያልቅ" ተብሎ መኪና ላይ ይጫናል። ሮቢት ላይ ለሌላው ይሰጣል። የእኔን ፎቶዎች ያየ ሰው ራያ ቆላ በፓምፕ ተጥለቅልቋል ሊል ይችላል። አፍር ነበር፤ ግን አነሳ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ አቶ ሰይድ የሚባሉ ሽንኩርት አብቃይ ዘንድ ሄድን። ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ አግኝተዋል፤ መሳቢያ ግን የላቸውም። ሽንኩርታቸው መጠውለግ ጀምሯል።

አቶ ጌታቸው ፓምፑን አስረከቡ፣ ተጨባበጡ፣ አነሳሁ። ወዲያው ሾፌሩ ፓምፑን ሊጭን ሲያነሳ አቶ ሰይድ አንዱን ጫፍ ያዙ።

"ልጄ፣ ይኸ የማን ነው?" አሉኝ።

አውራ ጣቴ የማብሪያ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫነ። አቶ ሰይድ በአንድ ወገን፣ ሾፌሩ በሌላ ወገን ሲጓተቱ፣ ከኋላ አቶ ጌታቸው የርክክቡን ፈገግታ ሳይጨርሱ ፎቶው ውስጥ ገቡ።

ፓምፑን ጭነን ስንመለስ አቶ ጌታቸው መኪናው ውስጥ "ቶሎ ላኪው፣ የበላይ አካል እየጠበቀ ነው" አሉኝ። ሳልመርጥ ሁሉንም ላክሁ። ስህተት ነበር፤ እስካሁንም ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው እንዲያ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የአቶ ጌታቸው አለቃ ደወሉ። "ይኼ ጉተታ ምንድን ነው?"

"ወደ ማሳው ስናስገባላቸው ነው ክቡርነትዎ። ከባድ ስለሆነ እያገዝናቸው።"

"ጥሩ። ከነገ ወዲያ ውሃ ሲስብ የሚያሳይ ፎቶ ላኩ።"

አቶ ጌታቸው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ሾፌሩን "ዙር" አሉት። ፓምፑን አቶ ሰይድ ዘንድ አራግፈን፣ ከነገ ወዲያ ለፎቶ እንደምንመጣ ነግረናቸው ተመለስን።

በቀጠሮው ቀን ስንደርስ ውሃው በየመደቡ ይፈስሳል፤ ሽንኩርቱ ቀና ማለት ጀምሯል። አነሳሁ። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ቢታገል ፓምፑ ንቅንቅ አላለም። የብረት እግሩ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሯል።

"ማን ፈቀደልህ?" አሉ አቶ ጌታቸው።

"ለፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው ጌታዬ" አሉ አቶ ሰይድ። "ያን ዕለት ማምሻውን ነው ያቦካሁት። አሁንማ ወላሂ፣ ደርቋል።"

አቶ ጌታቸው ሲሚንቶውን በጫማቸው ጫፍ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው መኪና ውስጥ ገቡ።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ፦ ካሜራችሁ በሁለት ጠቅታ ይከፈት። ስልኩን ግን ከመጨባበጡ በኋላ ቶሎ ወደ ኪስ አትመልሱት። ዕቃው የት እንደሚያድር ሳታዩ "ተሰጠ" ብላችሁ አትጻፉ። እኔ ሁለት ዓመት ጽፌአለሁ።