ሙሴ ሳይጫወት የሰማነው ድምፅ

ልጅ እያለሁ የድሬው ደቻቱ ለእኛ ወንዝ አልነበረም፤ ግቢያችን ነበር። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ኳስ እንጫወትበታለን፣ ከመጋላ ሰፈር ማዶ ወዳለው ከዚራ እየሮጥን እንሻገርበታለን። እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች። እሷና ጎረቤታችን ሞሚና አሸዋውን ጫር ጫር አድርገው ውሃ ያወጡና የከዚራ ሰዎችን አንሶላ እዚያው አጥበው እዚያው ያሰጡታል። የሳሙናው ሽታ ከጋለው አሸዋ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ከደንበኞቿ አንዱ ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመን ሰዓት አዳሽ ነበር። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ቤቱ ከዚራ በኩል፣ የወንዙ አፋፍ ላይ ነበረች። ከዐስር ሶላት በኋላ መስኮቱን ይከፍትና የሰው ቁመት የሚያህል ቫዮሊን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ በጭራ ይገዘግዘዋል። ቼሎ እንደሚባል የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ሴቶቹ "የሙሴ ሳጥን" ነበር የሚሉት።

የሚጫወተው ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ነገር ነው። የአንድ ረጅም ሙዚቃ መሃሉ ነው አሉ። ፊቱና ኋላው ፈጣን ነው፤ እሱ ግን እነዚያን አይነካቸውም። መሃሉ ቀስ ያለ ነው፣ ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች አሸዋ ላይ እንደሚራመዱት ቀስ ያለ። አንዱ ድምፅ ሳያልቅ ሌላው ከሥሩ ይነሳል። ወፍራም ነው፤ ከጆሮ ይልቅ ሆድ ነበር የሚሰማው።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅምና ሞሚና አንድ ቀን ከታች ሆና ጮኸችበት። "አቦ ሙሴ! የሚያስጨፍር የለህም? ወላሂ አንሶላህ ሊደርቅ ሲል በለቅሶህ መልሶ ይረጥባል!"

እናቴ በሳቅ ሞተች። ሙሴ በመስኮቱ ብቅ አለና በዚያ በሚሰባበር አማርኛው "ማይነር ነው፣ ሞሚና" አላት። "ማይነር፣ የሐዘን ቅኝት፣ ፀሐይ የጠለቀበት ቤት ነው። እዚያ ቤት ቀስ ነው። ሮጥክ፣ ወደቅክ።"

እኔ ምኑም አልገባኝም። ብቻ ያ ሙዚቃ ሲጀምር ጨዋታዬን ትቼ ወደ እናቴ ጠጋ እንደምል አስታውሳለሁ። ከሩቅ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሴቶቹ ግን ለመዱት፤ ለምደውም ሰዓት አደረጉት። ሙሴ ሲጀምር የተሰጣው ልብስ ይገላበጣል፣ ሲጨርስ ይሰበሰባል።

አንድ ክረምት፣ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ድሬ ጠብታ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እህቴ ዘይነባ ከእኛ ወረድ ብሎ፣ አሸዋው መሃል ያለ ጉብታ ላይ፣ ከተሰጡት ከሙሴ አንሶላዎች ጋር ነበረች። ያኔ ድምፁ መጣ።

ሞሚና ቀና አለች። "ጎርፍ አይደለም እንዴ?"

"ኤዲያ! የሙሴ ሳጥን ነው" አለች እናቴ። "ገና መጀመሩ ነው። ዘይነባ! አገላብጪው ልጄ!"

እህቴም አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረች። ድምፁ ግን የሙሴ ድምፅ እንደሚያደርገው አይወጣም፣ አይወርድም፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይወፍራል። እናቴ ሳሙናዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። በዚህ መሃል ከቀፊራ ገበያ በኩል አንድ ሰው ዘንቢሉን እያንገላታ አሸዋውን አቋርጦ ሲሮጥ አየን። ሙሴ ነበር። ሙሴ እዚህ ከሆነ፣ የሚጫወተው ማነው? ከላይ በኩል ግመል የሚነዱ ሰዎች "ሎላ! ሎላ!" እያሉ ጮኹ፤ ጎርፍ ማለታቸው ነው።

ውሃው ዘሎ አልመጣም። መጀመሪያ ቀጭን ቡናማ ምላስ አሸዋውን ላሰው። ከኋላው አረፋ፣ ግንድ፣ የሞተ ፍየል። ጉብታው በሁለቱም በኩል ተከበበ።

"ጣይው! ልብሱን ጣይው!" ብላ ጮኸች እናቴ።

ዘይነባ አልጣለችም። የሰው ዕቃ ጠፋ ከተባለ እናቴን ከዚራ ውስጥ ደግሞ የሚያሠራት እንደሌለ ታውቃለች። ሙሴ ዘንቢሉን ወርውሮ እስከ ወገቡ ገባ። "ጫፉን ወርውሪ! ሁለቱን ቋጥሪና ወርውሪ!" ቋጠረች፣ ወረወረች። የራሱን አንሶላ ግራ እጁ ላይ ጠመጠመው፤ እናቴና ሞሚና እሱን ከኋላው ጎተቱ። መሃል ላይ ግንድ መጥቶ አንሶላውን መታው። እርጥብ ጨርቅ ሲወጠር ሽቦ ነው። ሙሴ ጮኸ እንጂ አልለቀቀም። እህቴ ጭቃ እየተፋች ወጣች።

የሙሴ ግራ እጅ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲያ አልታጠፉለትም። እናቴ ቤቱ ሄዳ ስታለቅስበት "ተይ እንጂ፣ ሰዓት በቀኝ ይሠራል" አላት። ሳጥኑን ግን ያለ ግራ ጣቶች መጫወት አይቻልም። እስኪሞት ድረስ አንሶላውን የምታጥብለት ዘይነባ ነበረች፤ ሌላ ሰው አታስነካም።

መስኮቱ ተዘግቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያ ወፍራም ድምፅ ሲነሳ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም የያዘውን እየጣለ ከአሸዋው ይወጣ ነበር።

ዛሬ ደቻቱ ግንብ ተሠርቶለታል፣ በዳሩ ባጃጅ ይርመሰመሳል። የልጅ ልጆቼ የጎርፉን ወሬ ውሃው ሳይደርስ ከስልካቸው ያነቡልኛል። ጥሩ ነው፤ እኛ ይህ ቢኖረን ኖሮ እላለሁ። እኔ ግን ክረምት ገብቶ ከግንቡ ማዶ ያ ድምፅ ሲመጣ፣ ልጆቹን ወደ ቤት አስገባና በሩ ላይ ትንሽ እቆማለሁ። ጎርፍ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም አዳምጣለሁ፤ ምናልባት አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሙሴ ሳጥን ከፍ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይወርድ እንደሆነ።