ዋንጫውን ማን ይወስዳል ሲለን

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቤቱ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የረጠበ ጆንያ፣ የሽንት ባልዲና የሃያ ስድስት ሰው ላብ አንድ ላይ ይሸታል። ክረምት ስለነበር ወለሉ አይደርቅም። አፍንጫዬን በክንዴ ስይዝ ከጥግ አንዱ፣ "አይዞህ፣ ከነገ ወዲያ አይሸትህም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ በሦስተኛው ቀን መሽተቱ ተወኝ። ይህን ሳስበው ዛሬም ራሴን እጸየፋለሁ።

የታሰርኩት በአንድ ገጽ ተኩል አቤቱታ ነው። ጭሮ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከበደሳ የመጡ ጫት አምራቾች በየኬላው ስለሚደርስባቸው እንግልት ማመልከት ፈለጉ፤ እኔ ጻፍኩላቸው፣ አባዛሁላቸው። "ሕዝብ ቀስቅሰሃል" ተባልኩ። ከፈራሚዎቹ አንዱ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ሆዳቸውን ታመዋል። የሚተኙት ባልዲው አጠገብ ነው፤ ራቅ ካሉ አይደርሱም። ሲያዩኝ ግን ፈገግ ብለው፣ "አንተም መጣህ ኢልማኮ? እኛ ነን ያመጣንህ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

የክፍሉ ዋና ሥራ የኳስ ክርክር ነበር። የክለቦቹን ስም ብጽፍ አንባቢ ወገን ይለያልና ቀዮቹና ሰማያዊዎቹ ልበላቸው። ቀዮቹ በግራ ግድግዳ፣ ሰማያዊዎቹ በቀኝ ይቀመጣሉ። የቀዮቹ አፈ ጉባኤ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እኔም ከእሱ ወገን ነበርኩ። ሰማያዊዎቹን የሚመራው ከቦርደዴ የመጣ ባለሱቅ ነው።

"በመጪው ዓመት አለቀላችሁ" ይላል ባጃጅ ነጂው። "የኛን አጥቂ ማን ያቆመዋል?"

"መጀመሪያ በረኛ ግዙ! በወንፊት ውሃ የምትቀዱ ይመስል፣ ስታገቡ ሲገባባችሁ፣ ስታገቡ ሲገባባችሁ!"

እንዲህ እያልን እንውላለን። ስልካችን ተነጥቆ ወር አልፎናል፣ የዝውውር ወሬ አንሰማም። ያም ሆኖ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን ተቀያሪ እንደሚሆን በጣታችን ወለሉ ላይ እየሣልን እንጣላ ነበር።

የቀን ተረኛው ጠባቂ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነው። ከምሳ በኋላ ጉንጩን በጫት ወጥሮ በበሩ መስኮት ያዳምጠናል። አንድ ቀን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"እናንተ ደንቆሮዎች! አጥቂያችሁ እኮ ከተሸጠ ሦስት ሳምንቱ ነው!"

ቤቱ ተንጫጫ። ለማን? በስንት? በማን ተተካ? አልነገረንም። በጭንቀታችን ይዝናናል። ያኔ እኔ ብልጡ ተነሳሁ።

"አለቃ፣ መቼም በመጪው ዓመት ሰማያዊዎቹን የሚችላቸው የለም። ዋንጫው የእናንተ ነው። ለማን እንደተሸጠ ብቻ ንገረን።"

ደስ አለው፣ ነገረን። እኔም በብልጠቴ ኮራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሥርዓት ሆነ። ጠባቂው "ዋንጫውን ማን ይወስዳል?" ይላል፤ እኛ "ሰማያዊዎቹ!" እንላለን፤ እሱ ወሬ ይሰጠናል። ቀስ በቀስ ለተጨማሪ ጀሪካን ውሃም፣ ፀሐይ ላይ ለመቆየትም ይህንኑ ማለት ግድ ሆነ። እምቢ ያለ ባጃጅ ነጂው ብቻ ነበር። "በምርመራ በል ያሉኝን ያልተናገርኩ ሰው ለዚህ ጉንጫም በል ያለኝን አልናገርም" ይለኛል። ግትር አልኩት።

ይህ ሥርዓት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው ገበሬ ደም ያስቀምጣቸው ጀመር። በሩን ደበደብን። ጠባቂው በመስኮቱ አይቷቸው ፊቱን አዞረ።

"መኪና የለም።"

"አለቃ፣ ሰው እየሞተ ነው" አልኩት።

ትንሽ አሰበና ባጃጅ ነጂውን በአገጩ አመለከተው። "ይሄ ትዕቢተኛ ተንበርክኮ ሰማያዊዎቹ ንጉሦቼ ናቸው ይበል። ሽማግሌውን ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።"

የሚያንገራግር መስሎኝ ነበር። ቃሉ ሳያልቅ ተንበረከከ፣ ያውም ከባልዲው በፈሰሰው እርጥበት ላይ። ጮክ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ አለው። ጠባቂው በስልኩ ቀረጸው። እየሳቀ ደግሞ አስባለው። ከዚያ አረንጓዴ ምራቁን ደጃፉ ላይ ተፋና፣ "ጎበዝ! በሉ ነገ እናያለን" ብሎ መስኮቱን ዘጋው።

የተናደድኩት በጠባቂው ብቻ አይደለም። ይህን ጨዋታ ያስለመድኩት እኔ ነኝ።

የቦርደዴው ባለሱቅ ከቀኝ ግድግዳ ተነስቶ ባጃጅ ነጂው አጠገብ ተቀመጠ። "ከእንግዲህ ከኔ አፍ የኳስ ወሬ አይሰማም" አለ። ሁሉም ሰምቶታል።

በማግስቱ ጠባቂው እንደ ልማዱ መጣ። "እሺ፣ ዋንጫውን ማን ይወስዳል?"

ዝም።

"አንተ፣ የኛ ልጅ!" አለው ባለሱቁን። ባለሱቁ ጀርባውን ሰጠው። ጠባቂው ሰደበን፣ በሩን በእርግጫ መታው፣ ውሃ ከለከለን። በሚቀጥለውም ቀን ጠየቀ፤ በሚቀጥለውም ቀን ዝም አልን። ውሎ አድሮ ሲያስበው ያ ሁሉ ሰው አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ያስፈራው ጀመር መሰለኝ፣ ወይም በተረኝነቱ ሬሳ እንዳይወጣ ሰግቶ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን በሩን ከፈተ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ና ውጣ!"

ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ተቀመጡ። "ቆይ ትንሽ" አሉ። "ልታጠብ።"

ከጀሪካኑ የቀረችውን ውሃ ባጃጅ ነጂው አፈሰሰላቸው። እጃቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን፣ እግራቸውን። ሽርጣቸውን አራግፈው አጥብቀው አሰሩ።

"ቶሎ በል እንጂ!" ጮኸ ጠባቂው።

"እመጣለሁ" አሉት ቀና ብለው ሳያዩት። "ሰው ፊት ነው የምቀርበው።"

ጠባቂው በሩን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ጠበቃቸው። ንጹሕ አየር እስከ ውስጠኛው ጥግ ገባ።

ሽማግሌው ድነዋል። እኛም ፍርድ ቤት ሳንቀርብ አንድ ቀን ውጡ ተባልን። ዛሬ የኳሱ ዓመት ሊጀመር ሲል ወጣቶቹ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ደጃፍ ቆመው ይከራከራሉ። ባጃጅ ነጂው ባጃጁን አቁሞ እንደ ድሮው ለቀዮቹ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። እኔን የማን ደጋፊ ነህ ሲሉኝ ኳስ አላውቅም እላለሁ። እሱ ተንበርክኮ የተናገረው ሰው ለማትረፍ ነው። እኔ ቆሜ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የተናገርኩት ግን ለአንድ ተጫዋች ወሬ ነው።